ኔትወርክ ሲሄድ አምፖሉም አብሮ ይሄዳል ወይ?

ለአዘጋጁ፣

ስለ ስማርት ቤት ዕቃዎች፣ በስልክ ስለሚታዘዙት አምፖል፣ ሶኬትና ካሜራ ማለት ነው፣ ገበያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደክማችሁበታል፣ ደስ ይላል። ግን ቅር ያለኝ ነገር አለ። ስለ ቢሊዮን ዶላሩ፣ ስለ ዕድገቱ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ገጽ ሙሉ ጻፋችሁ፤ ዕቃውን ገዝቶ ግድግዳው ላይ የሚያሰቅለው ሰው ከሁሉ በፊት የሚያነሳውን ጥያቄ ግን አልነካችሁትም። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ መብራት የምዘረጋ፣ ካሜራና መሰል ነገሮችን የምገጥም ሰው ነኝ። ደንበኛ መጥቶ ስለ ገበያ ድርሻ አይጠይቀኝም። "ኔትወርክ ሲጠፋስ ይሠራል?" ነው የሚለኝ።

ጥያቄው የእኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖቹም ቀምሰውታል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ኔስት የሚባለውን የቴርሞስታት (የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ) ሠሪ በ3.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ኔስት ደግሞ በዚያው ዓመት ሪቮልቭ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ጠቀለለ። ሪቮልቭ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚያዝ፣ 300 ዶላር የሚሸጥ ሳጥን ነበረው። በሜይ 2016 ሰርቨሩን፣ ሳጥኑ በኢንተርኔት የሚታዘዝበትን የሩቅ ኮምፒውተር፣ ዘጉት። ሳጥኑ አልወደቀም፣ አልተቃጠለም፣ ውሃ አልነካውም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዕቃ ማስቀመጫም አይሆንም። በኤፕሪል 2022 ደግሞ ኢንስቲዮን የሚባለው የስማርት ዕቃ ኩባንያ ሰርቨር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጠፋ። ሰዉ አፑን ከፍቶ ቢነካው ቢነካው መልስ የለም። ቆይተው የራሱ ደንበኞች ተሰባስበው ኩባንያውን ገዙትና ነፍስ ዘሩበት። እነሱ ዶላሩም ጠበቃውም ነበራቸው። የእኛ ሰው ዕቃው ቢሞትበት ማንን ይከሳል?

ዛሬ ገበያውን የሞላው ዕቃ በሰው ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለው ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ነው። ኤስፕሬሲፍ የሚባል የሻንጋይ ኩባንያ በ2014 ኢኤስፒ8266 የተባለ ቺፕ አወጣ። ዋይፋይ አለው፣ ዋጋው ደግሞ ጥቂት ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ አምፖል የሚሠራ ፋብሪካ ሁሉ አምፖሉ ውስጥ ዋይፋይ መክተት ቻለ። ግን ፋብሪካው አፕ መሥራት አይችልም፣ ሰርቨርም የለውም። ያንን ደግሞ እንደ ቱያ ያሉ የቻይና ኩባንያዎች አዘጋጅተው ያከራዩታል። ለዚህ ነው ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ሲለያይ ውስጡ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት የሚሆነው። መርካቶ ወርዶ ስም እየመረጠ የሚከራከር ሰው ሳይ ዝም እላለሁ።

በብዙዎቹ ዕቃዎች የሚሆነውን አሁን አስቡት። ሳሎን ቁጭ ብለህ ስልክህን ነካ ስታደርግ ትዕዛዙ ወደ ራውተሩ ይሄዳል፣ ከራውተሩ ባሕር ተሻግሮ የሆነ አገር ያለ ሰርቨር ጋ ይደርሳል፣ ሰርቨሩ "ይሄ የእሱ ነው፣ ይፈቀድለት" ይላል፣ ከዚያ ያው መንገድ ተመልሶ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ የተሰቀለውን አምፖል ያበራዋል። ከደብረ ብርሃን ጫጫ ለመሄድ በናይሮቢ እንደመዞር ነው። መንገዱ ሲሠራ አይታወቅህም፣ ፈጣን ነው። ሲቆረጥ ግን አምፖሉ እዚያው አጠገብህ ሆኖ አይሰማህም።

መንገዱ ደግሞ እንደሚቆረጥ ሌላ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። የመስመር ኢንተርኔት የሌለው ሰው ስማርት ያለው ሁሉ ተራ ዕቃ ሆነበት። ፖለቲካውን ለሌላ ገጽ ልተወው። እኔ የማወራው ስለ ሽቦ ነው። እንደ እኛ ባለ አካባቢ የሚኖር ሰው ከኢንተርኔት ጋር የሚሞት ማብሪያ ማጥፊያ መግዛት የለበትም ነው የምለው።

ጽሑፋችሁ ውስጥ በአንዲት መስመር ያለፋችሁት ማተር ትልቁ ነገር እሱ ነበር እኮ! አፕል፣ ጉግል፣ አማዞንና ሳምሰንግ ያሉበት ማኅበር በኦክቶበር 2022 ያወጣው የጋራ ደንብ ነው። እናንተ የጻፋችሁት የአንዱ ኩባንያ ዕቃ ከሌላው ጋር እንዲግባባ ያደርጋል ብላችሁ ነው። ልክ ነው። ለእኛ ግን የሚበልጠው ሌላው ጎኑ ነው፤ ማተር የሚያወራው እዚያው ቤት ውስጥ ባለው ኔትወርክ ነው። መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ሊፈልግ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ውጭ ያለው መስመር ቢቋረጥም ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ስልኩና አምፖሉ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ፍሪጅና የመጥረጊያ ሮቦት ጨመሩበት፣ በ2024 ደግሞ የኤሌክትሪክ ፍጆታ መለኪያ። ነገሩ ሲጀመር አዝጋሚ ነበር፣ አሁንም ካርቶኑ ላይ ምልክቱ ያለበት ዕቃ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ቢገኝም ዋጋው ጠንከር ይላል። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የምን ዕቃ ነው ጠንከር የማይለው?

ኮምፒውተር የሚነካካ ልጅ ያለው ቤት ሆም አሲስታንት የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ያለ ማንም ሰርቨር ማስኬድ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለ ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ገንዘብ አይፈልግም።

የድንጋይ ግድግዳም ሌላ ጣጣ ነው። በእኛ በኩል፣ ደብረ ብርሃንም መንዝም፣ ወፍራም የድንጋይ ቤት ብዙ ነው። ሳሎን ያለ ራውተር ጓዳ አይደርስም። እዚህ ላይ ዚግቢና ትሬድ የሚባሉት የገመድ አልባ መገናኛዎች ይሻላሉ። በእነሱ ከመብራት መስመር ጋር የተያያዘው ዕቃ ሁሉ መልእክቱን ለቀጣዩ ያቀብላል፤ ሶኬቱ ለአምፖሉ፣ አምፖሉ ለበሩ። ግድግዳውን በአንድ ጊዜ መብሳት የለባቸውም።

ጽሑፋችሁ ገበያው በኃይል ቁጠባ እያደገ ነው ይላል። አውሮፓና አሜሪካ እውነት ነው። እዚያ ቤቱ በሙሉ በማሞቂያ ስለሚሞቅ ቴርሞስታቱ ሰው ሲወጣ ዝቅ፣ ሰው ሲገባ ከፍ እያደረገ ቆጣቢ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ግን ማሞቂያችን ከሰልና ብርድ ልብስ ነው። ቴርሞስታት ምኑን ይቆጣጠርልን? ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ደግሞ ጉዳዩ ተገላቢጦሽ ነው፣ ሰው የሚፈልገው ቬንትሌተር ነው። የእኛን ቤት የቆጣሪ ካርድ የሚበላው ምጣድ ነው። ስለ ምጣድ ደግሞ የሚያስብ የውጭ ስማርት ዕቃ ኩባንያ እስካሁን አላየሁም።

ምጣድ ካነሳሁ ይቺን ልበል፣ ሰው እንዳይጎዳ። ስማርት ሶኬት ገዝተው ምጣድ ሊሰኩበት የሚፈልጉ አሉ። አብዛኛው ሶኬት 10 ወይም 16 አምፔር ነው። በ220 ቮልት 10 አምፔር ማለት 2,200 ዋት ነው። ምጣዱ ብዙ ጊዜ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ባለ 10ሩ ይቀልጣል። ባለ 16ቱም 3,520 ላይ ነው የሚቆመው፣ ምጣዱ ደግሞ የሚስበው ለአፍታ ሳይሆን እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ነው። በፍጹም እንዳትሞክሩት። ምጣድ በራሱ ወፍራም ሽቦና በራሱ ብሬከር ነው።

ከአሜሪካ ልጅ የሚልከው ዕቃም አለ። በፍቅር ነው የሚላከው፣ አውቃለሁ። ግን የአሜሪካ ስማርት ሶኬት የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ እኛ ጋ ሲሰካ ጭስ ነው ትርፉ። ዚ-ዌቭ በሚባለው የሬዲዮ መገናኛ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የአሜሪካና የአውሮፓ ሞገዱም ይለያያል፣ ከአውሮፓ ከመጣው ጋር አይነጋገርም። ልጆቻችሁ ከመግዛታቸው በፊት ካርቶኑ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይተው ፎቶ ይላኩላችሁ።

ሌላው ሁሌ የሚያጋጥመኝ ኒውትራል፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ፣ ነው። ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ሁሌም ትንሽ ኃይል ይፈልጋል፣ ኔትወርኩን የሚያዳምጥበት። ለዚህ አብዛኛው ኒውትራል ሽቦ ይጠይቃል። የእኛ ቤቶች ግን የማብሪያው ሳጥን ውስጥ ፌዝ (ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣው ሽቦ) እና ከማብሪያው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ብቻ ነው ያለው። ደንበኛው ዕቃውን ገዝቶ ይመጣል፣ እኔ ግድግዳ መቁረጥ አለብኝ እላለሁ፣ እሱ ደግሞ ልታስወጣኝ ነው ብሎ ይቆጣል። አዲስ ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ አሁኑኑ ኒውትራሉን በየማብሪያው አስወርዱት። ሽቦው ብዙ ብር አይጨምርም። በኋላ ግን ልስን ማፍረስ ነው።

እሺ፣ ምን ይጠቅመናል ታዲያ? ሮቶ። ሳልቀልድ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነስቶ ቧንቧ የሚከፍት ሰው ለአምፖል ቀለም ምን ግድ አለው። ሮቶው ሲጎድል ፓምፑን የሚያስነሳ፣ ሲሞላ የሚያጠፋ፣ የታችኛው በርሜል ባዶ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ እንዳይቃጠል የሚከላከል መቆጣጠሪያ ነው እኔ ብዙ ሰው ቤት የምገጥመው። ዋይፋይ የለውም። ማንም ስማርት አይለውም። ግን ያስባል። ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ሲል ፍሪጁን የሚቆርጠው መከላከያም እንዲሁ። በአማርኛ ማዘዝ እንኳ የማይቻላት አሌክሳ፣ በድምፅ የምትታዘዘው የአማዞን ረዳት፣ ከምትመጣልኝ እነዚህ ሁለቱ በየቤቱ ቢገቡልኝ እመርጣለሁ።

ስለ ካሜራ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ሳልጣላ አላልፍም። ካሜራ እየገጠሙ የይለፍ ቃሉን ከፋብሪካ እንደመጣ ትተውት የሚሄዱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የሚባል ቫይረስ የገባው በዚህ በር ነው። በየቤቱ ያሉ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በተለመዱ የፋብሪካ ይለፍ ቃሎች እየሞከረ ያዛቸው፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዳይን በሚባል የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ አዘመታቸው። ኦክቶበር 21 ቀን አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ድረ ገጾች ሳይቀሩ ጠፍተው ዋሉ። እንግሊዝ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት የሆነ ቀላል ይለፍ ቃል ያለው ዕቃ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች። የእኛ ጉምሩክ ይህን የሚያይበት ቀን እስኪመጣ ገጣሚው ነው ማየት ያለበት።

ያው ካሜራ ማንን እንደሚያይም ይታሰብበት። የአማዞን የሆነው ካሜራ ሠሪ ሪንግ ሠራተኞቹ የደንበኛ ቪዲዮ ያዩ ነበር ተብሎ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2023፣ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እኛም አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለን፣ ግን ስሙን የሰማ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ልጆች ከውጭ ሆነው እናታቸውን ለማየት ሳሎን ካሜራ ያስገጥማሉ። አንዲት እናት ሻሽ ጣል አድርገውበት አገኘኋቸው። "ልጄን እወዳታለሁ፣ ግን ቤቴ ነው" አሉኝ። በር ላይ አዛወርኩላቸውና ሁለቱም ተስማሙ።

እንግዲህ እናንተን የምለምነው ይህንን ነው። ቀጥላችሁ ስትጽፉ የገበያውን ቁጥር ተዉትና አዲስ አበባ ሱቅ ላይ ካሉት አንድ አምፖል፣ አንድ ሶኬትና አንድ ካሜራ ግዙ። ገጥማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ራውተሩን ሳታጠፉ የኢንተርኔቱን መስመር ብቻ ንቀሉት። ከዚያ የሠራውንም ያልሠራውንም ከነስሙ አትሙልን። እኔም ቆርጬ ሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን