እማዬ፣ የሰው ኮምፒውተር ጠባቂ አይደለሁም

እማዬ፣

ባለፈው በስልክ ያልሽኝን ሳሰላስል ከረምኩ። «ሦስተኛ ዲግሪ ይዘሽ፣ ዶክተር ተብለሽ፣ የሰው ኮምፒውተር ትጠብቂያለሽ?» አልሽኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ቅር እንዳለሽ ግን ገብቶኛል። በስልክ ማስረዳት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠራው ሰው እኔ አይደለሁም። (እርግጥ ይጠሩኛል። ሥራዬ ግን አይደለም።)

የእኛ ክፍል የተመራማሪዎችን ከባድ ስሌት ነው የሚያሠራው። አንዱ የመድኃኒት ሞለኪውል ፕሮቲን ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ ያሰላል። ሌላዋ የአየር ንብረት ታሰላለች። የሰው ዘረመል 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለው፤ የብዙ ሕመምተኞችን ዘረመል ማነጻጸር በላፕቶፕ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ብዙ ኮምፒውተሮችን በፈጣን ኔትወርክ አገናኝተን አንድ ላይ እናሠራቸዋለን። ክላስተር እንለዋለን። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ናሳ ውስጥ ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር ገበያ ላይ የሚገኙ ተራ ፕሮሰሰሮችን፣ 16ቱን፣ አያይዘው አሳይተዋል።

አስተማሪ ስለነበርሽ በአንቺው ሥራ ላስረዳሽ። የ500 ተማሪ ፈተና ለ10 አስተማሪ ቢከፋፈል እርማቱ ቶሎ ያልቃል። ደረጃ የሚያወጣው ግን አንድ ሰው ነው፣ እሱም የመጨረሻው ወረቀት እስኪታረም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አስተማሪ ስለጨመርሽ ያ ክፍል አያጥርም። ጂን አምዳል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሳው ይህንኑ ነው። ከስሌቱ 5 በመቶው የማይከፋፈል ከሆነ፣ ሺህ ፕሮሰሰር ብትደረድሪም ፍጥነቱ 20 እጥፍ አይሞላም። ተመራማሪዎች ይህን መስማት አይወዱም። «ኮር ጨምሩልን» ነው ነገራቸው ሁሉ። (ኮር ማለት ፕሮሰሰር ውስጥ ለብቻው ማስላት የሚችል ክፍል ነው፤ አንድ አስተማሪ በይው።)

ቅርብ ጊዜ አንድ ተማሪ መጣ። 64 ኮር ጠይቆ፣ ለዚያ ብዙ ወረፋ ጠብቆ፣ በመጨረሻ ስሌቱ ከላፕቶፑ አልፈጥን አለው። «ማሽናችሁ ችግር አለበት» አለኝ፣ በትሕትና። ስክሪኑን አብረን ከፈትነው። አንዱ ኮር 100 በመቶ ይሠራል። 63ቱ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ፕሮግራሙ መጀመሪያውኑ እንዲከፋፈል ተደርጎ አልተጻፈም። ልጁ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁና ዳታውን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ለካስ ናሙናዎቹ አንዱ ከሌላው ጋር ምንም አይገናኙም! ስለዚህ ኮዱን መንካት አላስፈለገም። አንዱን ትልቅ ሥራ ትተን ለእያንዳንዱ ናሙና አንድ ኮር ብቻ የሚፈልግ ትንሽ ሥራ አደረግነው። ትንንሽ ሥራ ደግሞ ክፍተት ባለበት ሁሉ ይገባል። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ግማሹ ገብቶ ይሠራ ነበር። «እኔ እኮ ኮድ የማልችል መስሎኝ ነበር» አለኝ። የነገረው ሰው አልነበረም እንጂ መቻሉንስ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያጨቃጭቀን ወረፋው ነው። ተራ የሚያወጣው ሰው ሳይሆን ስለርም የሚባል ሶፍትዌር ነው። ስንት ኮር፣ ስንት ሚሞሪ፣ ስንት ሰዓት እንደምትፈልጊ ትጽፊለታለሽ። ሰው ይፈራና ለሦስት ሰዓት ሥራ የተፈቀደውን ሳምንት በሙሉ ይሞላል። ከዚያ ለምን ቆየሁ ብሎ ይቆጣል። ሶፍትዌሩ ለትልቅ ሥራ ቦታ እያጠራቀመ ሳለ መሀል ላይ ባዶ ሰዓት ይገኛል፤ እዚያ የሚያስገባው «ቶሎ እጨርሳለሁ» ያለውን ነው። እውነቱን የጻፈ ቀድሞ ይገባል። ሰሞኑን ብዙ የተጠቀመ ደግሞ ወደ ኋላ ይላል። ታላላቅ ፕሮፌሰሮች ይደውላሉ፤ «ነገ ጽሑፍ ማስገቢያ ነው፣ እኔን አስቀድሚኝ» ይላሉ። ወረፋ ነው ፕሮፌሰር፣ እላለሁ። ይህን ስል ክፍል ውስጥ ስትቆጪ የነበረው ድምፅሽ ይወጣኛል።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ዳታው ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ጃፓን፣ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ፣ አሮጌ የሎግ ፋይሎችን (ማሽኑ የሠራውን የሚመዘግብባቸውን) እንዲያጸዳ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ በአዲስ ተተካ። ማጥፋት የሌለበትን አጠፋ። 77 ቴራባይት ገደማ፣ በፋይል ሲቆጠር 34 ሚሊዮን አካባቢ። የአራት የምርምር ቡድኖች ዳታ መልሶ አልተገኘም። እኛ ጋ እንዲህ ያለ አልደረሰም። ግን ተመራማሪዎች ዳታቸውን ለአጭር ጊዜ የሚያስቀምጡበትን ቦታ በየጊዜው ስለምናጸዳ ኢሜይል እንልካለን፣ ደግመን እንልካለን፣ የሚያነብ የለም። ከተጸዳ በኋላ ቢሮዬ መጥተው የሚያለቅሱ አሉ። ባክአፑ፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠው ቅጂ፣ የት አለ ስላቸው ዝም ይላሉ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ለምን ራስሽ አትመራመሪም ነው ያልሽኝ አይደል? ሞክሬዋለሁ እኮ። ለዲግሪው ስሠራ የምወደው ጽሑፉን መጻፍ ሳይሆን የተበላሸ ስሌት ቁጭ ብሎ ማስተካከል ነበር። ጓደኞቼ የራሳቸው ሲበላሽ ወደ እኔ ይመጡ ነበር፣ እኔም የራሴን ትቼ የእነሱን እሠራ ነበር። አሁን ለዚያው ይከፈለኛል። ተሸንፌ የገባሁበት ሥራ አይደለም። የመድኃኒቱን ስሌት ለማፍጠን ሞለኪውሉ ምን እንደሚያደርግ መረዳት አለብኝ፤ ዲግሪው የሚያገለግለኝ እዚያ ላይ ነው።

ቅር የሚለኝ ነገር የለም አልልሽም። የተመራማሪዎቹ ጽሑፍ ሲታተም ስሜ አይኖርም፤ ቢበዛ መጨረሻ ላይ ለክፍላችን አንድ መስመር ምስጋና ይጻፋል። እሱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ኮንትራቱን ነው። የብዙዎቻችን ደመወዝ ከምርምር ገንዘብ ስለሚወጣ ገንዘቡ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። ሰው ማሽኑን ጠንቅቆ ባወቀበት ሰዓት ይሄዳል። ይህ ትክክል አይደለም፣ ለአለቃዬም ነግሬዋለሁ። ስለዚህ መቆጣት ካማረሽ በዚህ ተቆጪልኝ።

ሌላ ደግሞ፣ ስልክሽ ሞላ ብለሽ ፎቶ መሰረዝ ጀምረሻል አሉ። እባክሽ ተይ! የአባዬ ፎቶዎች ያሉት እዚያ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር አለ አይባልም። ስመጣ ሁለት ዲስክ ይዤ እመጣለሁ፤ አንዱ አንቺ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ ይሆናል። እስከዚያ ቦታ ከፈለግሽ በየቀኑ የሚላኩልሽን የ«እንደምን አደራችሁ» ቪዲዮዎች አጥፊ። እነሱን ማንም አይፈልጋቸውም።

ልጅሽ