የእምነ በረዱን ዱቄት ለአስፋልት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

አቃቂ ቃሊቲ፣ እምነ በረድ የሚቆርጥ ፋብሪካ አጠገብ እኖራለሁ። የመጋዙ ነጭ ጭቃ ሜዳ ላይ ይደፋል። በጋ ላይ ደርቆ ይቦናል፤ ልብስ ማስጣት እንኳ አልቻልንም። ክረምት ሲገባ ቦዩን ይደፍናል።

ይህ ዱቄት እኮ አስፋልት ውስጥ መግባት ይችላል! አስፋልት ጠጠር፣ አሸዋና ሬንጅ ብቻ አይደለም። ፊለር የሚሉት፣ በ0.075 ሚሊሜትር ወንፊት የሚያልፍ ደቃቅ ዱቄትም አለው። ክፍተት ይሞላል፣ ሬንጁንም ያጠነክራል። ለዚህ የተፈጨ ድንጋይ፣ ኖራ ወይም ሲሚንቶ ይገዛል። ሲሚንቶ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። እምነ በረድ እንደ በሃ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ሬንጅ በደንብ ይይዘዋል።

በእርግጥ መድረቅ፣ መነፋትና ላቦራቶሪ መፈተሽ አለበት፤ ከበዛ አስፋልቱ ይሰነጠቃል። ሙከራው ግን በሰፈራችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይጀመርልን።

የአቃቂ ነዋሪ