ከልጃችን ጎን ለቆማችሁ ሁሉ

ባለፈው ወር በአንድ ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች እግር ኳስ ውድድር ላይ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጃችን የዘረኝነት ስድብ ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ በስልክ፣ በመልእክትና ስቶክሆልም ድረስ በአካል በመምጣት ያጽናናችሁን ወገኖችና ወዳጆች ሁሉ፣ በባለቤቴ፣ በልጆቼና በራሴ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል መልስ ለመስጠት ስላልቻልኩ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ነገሩን በወሬ ብቻ የሰማችሁ ስላላችሁ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። ከዕረፍት መልስ ልጄ የማዕዘን ምት ሊመታ ኳሷን ሲያስቀምጥ፣ ከአጥሩ ማዶ የቆሙ አራት አምስት ሰዎች የዝንጀሮ ድምፅ ማሰማት ጀመሩ። ልጆች ቢሆኑ ባልገረመኝ፤ የልጆች አባት የሚሆኑ ጎልማሶች ነበሩ። ልጄ ኳሷን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣት። እኔ በሌላው ጥግ ስለነበርኩ ምክንያቱ አልገባኝምና «ምታው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» እያልኩ እጮህበት ነበር። ከእነሱ ጩኸት ይልቅ የእኔው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አስቀድሜ የማመሰግነው የቡድኑን አምበል ነው። ከሜዳው መሀል ሮጦ መጥቶ ኳሷን ከልጄ እጅ ተቀበለና በብብቱ ሥር ይዞ ሁለት እጆቹን አንጓቸው ላይ አነባብሮ ለዳኛዋ አሳየ። ይህ ምልክት ፊፋ በ2024 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ ተጫዋቾች የዘረኝነት ጥቃት ሲደርስ ለዳኛ እንዲያሳውቁበት ያስተዋወቀው ነው። ዳኛዋም በዕድሜ ገና ወጣት ብትሆንም አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ፈጸመችው፤ ጨዋታውን አቁማ በድምፅ ማጉያ ማስጠንቀቂያ አስነገረች፣ ጩኸቱ ሲቀጥል ሁለቱንም ቡድኖች ወደ መልበሻ ክፍል አስገባች። ሦስተኛው ደረጃ ጨዋታውን ፈጽሞ ማቋረጥ ነበር፤ ሰዎቹ ከሜዳው ስለተባረሩ ግን እዚያ አልተደረሰም። አጠገቤ የነበረ አንድ ተመልካች «ለጥቂት ሰካራሞች ሲባል የስንት ልጅ ጨዋታ ይበላሽ?» ሲል ሰምቼዋለሁ። እሷ ግን ጨዋታውን ያበላሸው ማን እንደሆነ አልጠፋትም።

አሰልጣኙንም አመሰግናለሁ። ልጄ ወደ ሜዳ አልመለስም ሲል አላግባባውም፣ «ወጥተህ በጎል መልስላቸው» አላለውም። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማታ በሆቴሉ ክፍል የተናገርኩት ያደግኩበትን ምክር ነበር፤ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ፣ በወረረን አገር መዲና፣ ከአገራችን ተነቅሎ በተወሰደው የአክሱም ሐውልት በኩል በባዶ እግሩ አልፎ እንዳሸነፈና መልሱን በእግሩ እንደሰጠ ነገርኩት። «አንተም ነገ ሁለት ጎል አግባባቸውና አፋቸውን አስይዛቸው» አልኩት። ልጄ ጥቂት ዝም አለና «አባዬ፣ ባላገባስ?» አለኝ።

የምመልሰው አጣሁ። በሐምሌ 2021 በዌምብሌይ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የእንግሊዝ ጥቁር ተጫዋቾች ራሽፎርድ፣ ሳንቾና ሳካ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስቱ በዚያው ሌሊት የወረደባቸውን ስድብ እሱ ከእኔ ይልቅ ያስታውሳል። ድል ማድረግስ ቢሆን ምን ያህል ያስከብራል? ጥቁሩ አሜሪካዊ ሯጭ ጄሲ ኦወንስ በ1936 በርሊን ኦሊምፒክ ላይ አራት ወርቅ ወስዶ ሲመለስ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ለራሱ ክብር ወደተዘጋጀው ግብዣ የወጣው በዕቃ መጫኛ አሳንሰር ነበር። የሰው ልጅ ክብር በጎል ብዛት እንዲመዘን ልጄን ማስተማሬ ስሕተት መሆኑን የገባኝ በዚያች ሌሊት ነው።

ስሙን እንኳ ያላወቅነውን የተጋጣሚውን ቡድን ግብ ጠባቂም በልዩ ሁኔታ አመሰግነዋለሁ። ቡድኖቹ ሲገቡ ከጓደኞቹ ተለይቶ መጥቶ ከእኛ ልጆች መልበሻ ክፍል በር ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። ቋንቋ ስላላግባባቸው አንድ ቃል አልተናገረም። እሱን ሳይ ትዝ ያለኝ ፒተር ኖርማን ነው። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ ላይ ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በሽልማቱ መድረክ ዘረኝነትን ተቃውመው ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ሲያነሡ፣ ሁለተኛ የወጣው ይህ ነጭ አውስትራሊያዊ የሰብአዊ መብት ምልክታቸውን ደረቱ ላይ አድርጎ አብሯቸው ቆሟል። በ2006 ሲያርፍም ሁለቱ አሜሪካውያን አስከሬኑን ተሸክመው ሸኝተውታል። የዚያን ልጅ ወላጆች ይህ ጽሑፍ የሚደርሳቸው ቢሆን፣ ልጃቸውን ምን ያህል እንዳከበርነው ባወቁ።

ለውድድሩ አዘጋጆች አቤቱታችንን በስዊድንኛና በእንግሊዝኛ ያለ ክፍያ አስተካክላችሁ ለጻፋችሁልን ወጣቶች፣ እንጀራና ወጥ በተራ እያመጣችሁ ቤታችንን ላልተለያችሁ እናቶች፣ በጸሎት ላሰባችሁን አባቶች እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። ለአቤቱታው እስካሁን ምላሽ አልተሰጠንም። በግንቦት 2023 ቫሌንሲያ ላይ ጥቁሩን ብራዚላዊ ተጫዋች ቪኒሲየስ ጁኒየርን የሰደቡ ሦስት ሰዎች በስፔን ፍርድ ቤት የስምንት ወር እስራት የተፈረደባቸው ከአንድ ዓመት በኋላ ነውና እኛም እንጠብቃለን፤ ጉዳዩን ግን አንተወውም።

ልጃችን ባለፈው ማክሰኞ ወደ ልምምድ ተመልሷል። «መቼ ይጫወታል?» እያላችሁ ለጠየቃችሁን፣ የሚቀጥለው ጨዋታ በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሠፈራችን ሜዳ ይደረጋል። ባለቤቴ ቡና በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች። እኔ በዚህ ጊዜ የምቆመው የማዕዘን ምት በሚመታበት ጥግ ነው።