የሐሙስ ዳዊት

ሪያድ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙሉዬ፣

«ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፤ እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ጀምሬ ሰረዝሁት። ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ድምፅ አጥፍቶ ከርሞ «ከናፍቆትሽ በቀር» ለማለት አፌ አልደፈረም። ይቅር በይኝ። ይህን ቶሎ ብዬ ልለፈው፤ እዚሁ ላይ ከቆየሁ እንደ ቀደሙት አራት ደብዳቤዎች ይህም ተቀዶ ይቀራል። ስለ ዝምታዬ የምትወቅሺኝን ሁሉ ወቀሳ ስንገናኝ ተቀምጬ እሰማለሁ፤ ቡናውንም እኔው አፈላለሁ።

የእናቴን መርዶ እንድታረዳኝ የላክሽልኝ ልጅ ሁሉን ነገረችኝ ሙሉዬ። እንዳትነግሪያት ብለሽ አስምለሻት ነበር አሉ፤ አልቻለችም። ወንድሜን «በስልክ እንዳትነግራት፣ ብቻዋን ናት» ብለሽ ያስቆምሽው አንቺ፣ እዚህ ሪያድ የሚሠራ የደሴ ሰው ፍለጋ ስንቱን ደጅ የጠናሽው አንቺ። አምስት ሳምንት! እኔ አላናገርሁሽም፣ አላመሰገንሁሽም፣ አንቺ ግን እናቴን ቀብረሽ ስታበቂ እኔን ይዞ የሚያስለቅሰኝ ሰው ስትፈልጊ ከረምሽ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

በእነዚያ አምስት ሳምንታት በደወልሁ ቁጥር «ጠበል ሄዳለች፣ ሽንኩራ ዮሐንስ ናት፣ ስልክ አይሠራም» ይሉኝ ነበር። አመንሁ ብልሽ ውሸት ይሆናል። እናቴ ለእኔ ሳትነግር ከሰፈራችን ከሸዋ በር ወደ ፒያሳ እንኳን ወጥታ አታውቅም። ማመን ስለፈለግሁ ብቻ አመንሁ። በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ማረፏን ያኔ ብሰማ ኖሮ… እንጃ፣ ምን እንደምሆን አላውቅም።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ፣ ገና ጎህ ሲቀድ የጓሮው በር ተንኳኳ። የረመዳን አራተኛው ቀን ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ሱሑር በልቶ፣ ሰግዶ ተኝቷል። ልጅቷ ቆሻሻ ልትጥል የወጣች መስላ በእጇ ፌስታል ይዛለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቢሆን ኖሮ ገና ከበሩ ባወቅሁት ነበር። እዚህ ግን ሁላችንም ከቤት ስንወጣ የምንለብሰው ጥቁር ነው፤ ሐዘን ያለበት ከሌለበት አይለይም። ገብታ ጫማዋን አወለቀችና ወንበር ሳትፈልግ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ገባኝ። በማለዳ መጥቶ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ መሬት የሚቀመጥ እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ ለወሎ ልጅ አይነገራትም።

እንደ አገራችን ደረቴን ልደቃ፣ ስሟን ልጥራ፣ ሙሾ ላውርድ ብል የተኛው ሁሉ ይነሣል። ልጅቷ እጄን ይዛ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገባችኝ። በሩን ዘጋች፣ ማሽኑን ባዶውን አስነሣችው። ማሽኑ መሽከርከር ጀምሮ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ «አሁን አልቅሺ» አለችኝ። ሃምሳ ደቂቃ ይዞራል ሙሉዬ። ሃምሳ ደቂቃ ፎጣ ነክሼ አለቀስሁ፤ እሷም የማታውቃትን እናቴን «እናቴ፣ እናቴ» እያለች አብራኝ አለቀሰች። ማሽኑ ሲቆም ዝም አልን። ፊቴን አጠበችልኝ፣ ፌስታሏን አነሣች፣ አሠሪዎቿ ሳይነቁ ሮጠች። ለቅሶ የደረሰኝ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ እሷንም የላክሽልኝ አንቺ ነሽ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ለሌላ ሰው አልነገርሁትም። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ ዳዊት ከፈትሁ። ልጽናና ብዬ አልነበረም፤ ለእናቴ የማደርግላት ሌላ ነገር አጥቼ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ያህል ዳዊት ደግሜ አላውቅም ነበር። ገና ስመጣ ማዕተቤን ያወለቅሁትም እኔው ራሴ ነኝ፤ ይዞን የሄደው ደላላ «አውልቁ» ሲል ከሁሉም ቀድሜ በጥርሴ በጠስሁት። ይህንንም ታውቂው ዘንድ ብዬ ነው። የማክሰኞውን ድርሻ ጀመርሁ፣ ከመዝሙር 31 እስከ 60። 41ኛው ላይ «እንባዬ በቀንና በሌሊት ምግብ ሆነኝ» ሲል ደረስሁ። የሚገባኝ ቃል ነበር፤ ነገር ግን ምንም አልተሰማኝም። የሰኞ ድርሻ ወደሆነው ወደ 22ኛው ተመለስሁ፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» አልሁ፤ እሱም ዝም አለኝ። ደረቅ እንጀራ ያለ ወጥ እንደመዋጥ ነበር። እስከ 60 ጨረስሁና የማፍጠሪያውን ሾርባ ልሠራ ተነሣሁ።

በማፍጠሪያው ሰዓት ለሐጃዋ ተምሯን ሳቀርብላት ቀና ብላ አየችኝ። የማስታምማት አሮጊት ናት፤ እግሯ አይሄድም፣ ዓይኗ ግን ሁሉን ያያል። ዓምና ጾማችንና ጾማቸው በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ሲገባ «አንቺም ትጾሚያለሽ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። 55 ቀን ነው፣ ሥጋም ወተትም የለበትም ስላት ሙስባሓዋን፣ መቁጠሪያዋን ማለቴ ነው፣ አስቀምጣ በሁለት እጇ ራሴን ያዘችኝ። ከዚያ ወዲህ ጾሜ ሲገባ ልጆቿን ተቆጥታ ፉልና ዳቦ ታስቀምጥልኛለች። ያን ማታ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «እናቴ» ብቻ አልሁ፤ ቀሪው በዐረብኛም በአማርኛም አልወጣልኝ አለ። ተምሩን ወደ አፏ ሳታደርስ መለሰችው። «አላህ የርሐምሃ»፣ ነፍሷን ይማር፣ አለችና ራሴን ወደ ጭኗ ስባ እያሻሸች ከእኔ ጋር አነባች። አዛን ተብሎ፣ ቤቱ ሁሉ እየበላ፣ እሷ ከነጾሟ ቆየች። የሸዋ በር ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን አስታወሰችኝ፤ አባቴ ሲሞት ንፍሮውን ቀቅለው ይዘው የመጡት እነማን እንደነበሩ አንቺም አትረሺውም።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። ልነግርሽ የተነሣሁት ይህን ነው፤ ሌላው ሁሉ መንደርደሪያ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የታጠበ ልብስ ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ስልኬን ገመዱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅዬ እያሰጣሁ የሐሙሱን አነባለሁ፣ ከ81 እስከ 110። 101ኛው ላይ ደረስሁ። የሐጃዋን ነጭ ሻሽ እየዘረጋሁ «በሰገነት ላይ እንዳለች ብቸኛ ድንቢጥ ሆንሁ» የሚለውን አነበብሁ። ቀና ስል፣ ሙሉዬ፣ ከሮቶው ሥር ከቧንቧው መጋጠሚያ ውኃ ይንጠባጠባል፤ እዚያ ላይ አንዲት ድንቢጥ ቆማለች። ጠብታው እስኪወርድ አንገቷን አዘንብላ ትጠብቃለች፣ ሲወርድ በምንቃሯ ትቀበለዋለች፣ ደግሞ ትጠብቃለች። ተአምር ነው አልልሽም። እዚህ ድንቢጥ በየጣሪያው ሞልቷል፤ በየቀኑ አያታለሁ።

ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። እናቴ ያቺን መነጽሯን፣ አንዱ ክንዱ ተሰብሮ በክር ያሰረችውን፣ ሰክታ በየሐሙሱ ጠዋት ዳዊቷን ስትደግም ታየችኝ። እኔ እዚህ ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ በኖርሁባቸው ስድስት ዓመታት ውስጥ በእያንዳንዱ ሐሙስ እናቴ በአፏ «በሰገነት ላይ እንዳለች ብቸኛ ድንቢጥ» ትል ነበር። የት እንዳለሁ አታውቅም፤ ቤቱ ጣሪያ ይኑረው አይኑረው ነግሬያት አላውቅም። እሷ የሐሙስ ድርሻዋን ነው የደገመችው። እኔ ግን በዚያ ቃል ውስጥ ነበርሁ። ዳዊት ብቻውን ሆኖ የጮኸውን፣ እናቴ ብቻዋን ሆና የደገመችውን፣ እኔም ብቻዬን ሆኜ አነበብሁት። ሦስታችንም እግዚአብሔር ፊት አንድ ቦታ ላይ ቆመን ተገናኘን። ሻሹን እንደያዝሁ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ። የማክሰኞው ለቅሶ አንገቴን አንቆኝ ነበር፤ የሐሙሱ ለቀቀኝ። ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም፣ አንቺ ግን ይገባሻል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አላቋረጥሁም። አንዳንዱ ቀን አሁንም ደረቅ ነው። ነገር ግን የቀኑ ድርሻ እኔ ደስ ቢለኝም ቢከፋኝም ይመጣል፤ ደሴ መድኃኔ ዓለም ደጅ ያሉት እናቶችም ያንኑ ነው የሚደግሙት። ሰዓታችን እንኳን አንድ ነው፤ እዚህ አንድ ሰዓት ሲል እዚያም አንድ ሰዓት ነው። ስድስት ዓመት ይህን አስቤው አላውቅም ነበር፤ የሩቅ አገር ሰው አድርጌ ነበር ራሴን የቆጠርሁት። ከልብስ መስፊያው ሣጥን ጥቁር ክር ወስጄ ገምጄ ማዕተብ አሰርሁ። ከልብሴ ሥር ነው፤ ሐጃዋ አይታዋለች፣ አንገትጌዬን አስተካክላ ሸፈነችልኝ።

ሌላም የምልሽ አለ… ጥቅምት 2014። ከጦርነቱ ሽሽት እናቴን ይዘሽ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደብረ ብርሃን። በመንገድ ላይ የደወልሽልኝን አላነሣሁትም። ሥራ ላይ ነበርሁ ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ፤ ሥራ ላይ አልነበርሁም። አትሂጂ ብለሽኝ ነበር፣ ሄድሁ፤ እናትሽን ማን ያይልሻል ብለሽኝ ነበር፣ ያየሽልኝም አንቺ ሆንሽ። በምን ዓይኔ ላናግርሽ? አፍሬ አንድ ሳምንት ቆየሁ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ይኸው ሦስት ዓመት። እናቴ በስልክ «ሙሉን ደወልሽላት?» ባለችኝ ቁጥር «አዎ» እላት ነበር። ሙሉዬ፣ ለእናቴ የዋሸሁት ውሸት ይህ አንዱ ነው፤ አሁን እውነት ላደርገው ነው የምጽፈው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። የእናቴ የሰማንያ ቀን ተዝካር የሚውለው ሚያዝያ 10 ነው። ቁጠሪው፤ ስቅለት ነው። ከሆሳዕና በኋላ እስከ ትንሣኤ ፍትሐት የለም፤ ወንድሜ ግን ይህን አላሰበውም፣ ድንኳንና ድግስ ብቻ ነው የሚያወራው። እባክሽ ከንስሓ አባቷ ጋር ሆነሽ አነጋግሪው፤ ወይ ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ወይ ከትንሣኤ በኋላ እሳቸው ባሉት ቀን ይሁን። ድግሱ ይቅር። ደብዳቤውን በምታመጣልሽ ልጅ እጅ ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ጧፍና ዕጣን ግዢበት፣ የቀረውን ደጀ ሰላሙ ላይ ለሚቀመጡት የኔ ብጤዎች ዳቦ አድርጊው። እናቴ እሑድ እሑድ በስማቸው ትጠራቸው የነበሩትን አትዝለያቸው። ዳዊቷንም ወንድሜ ለቤተ ክርስቲያን ልስጥ እያለ ነው። መስጠቱ ጥሩ ነው፤ እስክመጣ ግን አንቺ ዘንድ ይቆይልኝ። መነጽሯ በውስጡ አለ ብላኛለች ልጅቷ።

ልጅቷ ዓርብ ትበራለች። ደብዳቤው ዘግይቶ በሕማማት ውስጥ ከደረሰሽ ሰላምታ አይሰጥምና ሰላምታዬን ለትንሣኤ አቆዪልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ብዕሬን አንሥቼ አስቀምጫለሁ። በስቅለት ዕለት ስትሰግጂ ውለሽ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ትንሽ ዘወር ብለሽ ዳዊት ትይዥልኛለሽ? እኔ በዚያ ሰዓት ጣሪያው ላይ እሆናለሁ፤ ሐጃዋ ያን ጊዜ ትተኛለች። እኩል እንጀምርና እኩል እንጨርስ፤ ለእናቴ ሰማንያ ከእኔ የምትደርሳት ይቺ ናት። የዓርቡ ድርሻ ከ111 እስከ 130 ነው። የኔታ ዘንድ 118ኛው ሲደርስ በዓርብ በዓርብ ሆድሽን ያምሽ የነበረውን አልረሳሁትም፤ አንድ ቀን እንኳን በሐሙስ አሞሽ አያውቅም። 176 ቁጥር ነው ሙሉዬ። አንዱንም አትዝለይ፤ ከዚህ ሆኜ እቆጥራለሁ።

ያንቺው
እቴነሽ