«አልታየም» የሚለው ወረቀት፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከውሻና ከድመት ወደ ሰው የሚተላለፈውን ወስፋት ምርመራ ይመለከታል

የተከበራችሁ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ከአጉሊ መነጽር ፊት ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ። «ጥገኛ ተውሳክ አልታየም» ብዬ የፈረምኩባቸውን የሰገራ ውጤቶች ብዛት እኔም አላውቀውም። አብዛኞቹ ትክክል ነበሩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ትክክል ሆነው ሳለ ሰው ስላሳሳቱት ነው።

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። በግቢያቸው ያለችው ውሻ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ሥር አምስት ቡችሎች ወልዳ ነበር። ልጅቷና የጎረቤት ልጆች ብይ የሚጫወቱት እዚያው አፈር ላይ ነው። ብይ ተጫውቶ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ብዩ እንዳያዳልጥ አውራ ጣት በምራቅ ይረጥባል፣ ብዩ ይወረወራል፣ ጣቱ መሬት ይነካል፣ ከዚያ ተመልሶ አፍ ውስጥ ይገባል። ከወራት በኋላ አስተማሪዋ ልጅቷ ከሰሌዳ ስትገለብጥ አንገቷን እንደምታዘም አስተዋለች። ቀኝ ዓይኗን በእጇ ሲሸፍኑባት በግራው የምታየው የመስኮቱን ብርሃን ብቻ ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ የሄዱበት ጤና ተቋም ሆዷንም ይቆርጣታል ስለተባለ የሰገራ ምርመራ አዘዘ። ወረቀቱ «አልታየም» አለ። እናቷ እፎይ አለች። ለማንኛውም ተብሎ አንድ ፍሬ የወስፋት ክኒን ተሰጣት። ሳምንታት ካለፉ በኋላ የዓይን ሐኪም ሲያያት ከዓይኗ ጀርባ ነጣ ያለ እብጠት አገኘ፤ ቀድሞ የተነሳውም ቃል «ዕጢ» የሚል ነበር። ዓይኗን ስለማውጣት እየተነጋገርን ሳለ አንድ አዛውንት ሐኪም መዝገቧን ዘግተው «ለመሆኑ ቤታችሁ ቡችላ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ደሟ በግል ላቦራቶሪ በኩል ወደ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ እስኪመለስ የቆጠርናቸውን ቀናት አልዘረዝርም። ዓይኗ ቦታው ላይ ቀርቷል፤ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም። ያን የሰገራ ወረቀት የፈረምኩት እኔ አልነበርኩም። እኔ ብሆንም ግን ያንኑ እጽፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ወስፋት በአንጀታችን ውስጥ አድጎ እንቁላሉን ስለሚጥል በሰገራ እናገኘዋለን። የውሻው ወስፋት ቶክሶካራ ካኒስና የድመቷ ቶክሶካራ ካቲ ግን ሰው ውስጥ አያድጉም። የተዋጠው እንቁላል አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል፤ ከእንቁላሉ የወጣው እጭ (ገና ያላደገው ትል) የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ በደም ሥር ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ፣ አንዳንዴም ወደ አንጎልና ወደ ዓይን ይሄዳል። በዚያ ሲዞር ይኖራል እንጂ ለአቅመ መውለድ አይደርስም፣ እንቁላልም አይጥልም። ስለዚህ የዚህን ትል እንቁላል በሰው ሰገራ ውስጥ መፈለግ የበቅሎ ውርንጭላ እንደ መጠበቅ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ሄለኖር ዋይልደር የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከሕፃናት የወጡ 46 ዓይኖችን ቆራርጠው መረመሩ። ብዙዎቹ የወጡት ካንሰር ናቸው ተብለው ነበር። በ24ቱ ውስጥ የትል እጭ ወይም የእጭ ቅሪት አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በኒው ኦርሊየንስ ጉበታቸው ባበጠ ሦስት ሕፃናት ላይ የውሻ ወስፋት እጭ መኖሩ ታወቀ። ከ1970ዎቹ ጀምሮም እጩ የሚያመነጫቸውን ንጥረ ነገሮች በመጠቀም በደም ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል የሚለካ የኤላይዛ ምርመራ አለ። እኔ በሠራሁባቸው ላቦራቶሪዎች ግን ይህ ምርመራ በማዘዣው ቅጽ ላይ ሰፍሮ አንድም ቀን አላየሁም።

ኤላይዛው ጠበል አይደለም፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ውጤቱ አለ ሲል ትሉ ዛሬ ገባ ወይስ ከዓመታት በፊት አይነግረንም። እንደ እኛ የሰው ወስፋት በበዛበት አገር ደግሞ አንዱን ትል ከሌላው ሊያምታታ ስለሚችል ዌስተርን ብሎት በሚባል ይበልጥ ለይቶ በሚያሳይ ሌላ የደም ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ጉበትና ሳንባ ሲያዙ በጣም ይጨምራል፤ ዓይን ብቻ ሲያዝ ግን ብዙ ጊዜ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከዓይን ሕመምተኞችም የደሙ ውጤት ነጻ የሚሆንባቸው ስላሉ ከራሱ ከዓይኑ ፈሳሽ ቀድቶ መመርመር የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የምጠይቀው ኪት በየጤና ጣቢያው እንዲበተን አይደለም፤ ያ ከጥቅሙ ውዥንብሩ ይበዛል። ውጤቱን የሚያነብ ሰው ያለበት አንድ ቦታ ይበቃናል።

ያ ቦታ ደግሞ አለ። ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ መንገዱን የሚያውቀው፣ እኛ እስከ ዛሬ «ፓስተር» የምንለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ለኤች አይ ቪና ለጉበት ቫይረስ ምርመራ የገቡ የኤላይዛ ማሽኖች ይህንንም ማንበብ ይችላሉ። ከየክልሉ የሚላክ የደም ናሙና እዚያ እንዲመረመር፣ አጠራጣሪው እንዲረጋገጥ፣ ውጤቱም ከማብራሪያ ጋር ለሐኪሙ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ሁለተኛው ጥያቄዬ ገንዘብ እንኳ አይፈልግም። በአንድ ዓይኑ ማየት ያቃተው ወይም ድንገት ሸውራራ የሆነ ሕፃን ሲመጣ፣ እንዲሁም ጉበቱ አብጦ ኢዮሲኖፊሉ የጨመረ ልጅ ሲገኝ፣ «ቤታችሁ ቡችላ ወይም የድመት ግልገል አለ? ልጁ አፈር ይበላል?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች በሕክምና መመሪያው ውስጥ ይግቡ። እኛን ያዳነን ይኸው ጥያቄ ነው፤ እሱም የተጠየቀው በአጋጣሚ ነው።

«ልጆች በትምህርት ቤት የወስፋት መድኃኒት ይወስዳሉ» ትሉኝ ይሆናል። የትምህርት ቤቱ ዘመቻ ለሰው ወስፋት ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን የሚሰጠው መድኃኒት፣ ለምሳሌ 400 ሚሊግራም አልቤንዳዞል፣ በአንድ ዘመቻ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሥጋ ውስጥ ለሚዞረው እጭ የተለመደው የአልቤንዳዞል መጠን 400 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት ቀን ነው፤ ዓይን ከተያዘ ደግሞ የዓይን ሐኪም ክትትልና የብግነት መድኃኒትም ይጨመርበታል። አንዷን ፍሬ የዋጠችው የእህቴ ልጅ ታከመች ተብላ ነበር ወደ ቤቷ የተመለሰችው።

ግልባጩ ለግብርና ሚኒስቴር የሆነበት ምክንያት አለ፤ ሰገራ እንስሳቱም ዘንድ ያታልላል። ያደገች ውሻ እጮቹን በሥጋዋ ውስጥ አስተኝታ ትኖራለች፤ ሰገራዋ ቢመረመር ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ስታረግዝ ግን እጮቹ ነቅተው ገና በማሕፀን ሳሉ ወደ ቡችሎቹ ይሻገራሉ፣ የቀሩት በወተቷ ይከተላሉ። የድመት ግልገሎች የሚያገኙት በእናታቸው ወተት ነው። ቡችላው በተወለደ በሦስት ሳምንት አካባቢ እንቁላል መጣል ይጀምራል፤ አንዲት ሴት ትል በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። በተቃራኒው ደግሞ ሜዳ ላይ ያገኘውን ሰገራ ሁሉ የሚበላ ውሻ የሌላ እንስሳ ትል እንቁላል በአንጀቱ አሳልፎ ሲያወጣ መርማሪው ያልታመመውን ታሟል ሊል ይችላል። ስለዚህ ቡችላ ተመርምሮ ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም። በሁለተኛው ሳምንት መድኃኒት ይጀመርለታል፣ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ ይደገምለታል። ትኩስ እንቁላል ለመበከል አፈር ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየት ስላለበትም ግቢን በየቀኑ ማጽዳት ብቻውን ብዙ ያድናል።

ዶሮ፣ በግና ከብትም ያንኑ አፈር ሲለቃቅሙና ሲግጡ እጩን በጉበታቸው ያኖሩታል። በጃፓንና በኮሪያ ጥሬ የከብት ጉበት የበሉ አዋቂዎች በዚህ መንገድ ታመዋል። ዱለት ለብለብ ይሁን የሚል ሕዝብ ነንና ይህ ለእኛም ወሬ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ ከዚያ ወዲህ በደንብ የበሰለውን አዝዛለሁ፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉት ቅድሚያ እንዲሰጣቸው የተመረጡት አምስት በሽታዎች የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና የውሻ ትል የሚያመጣው የውሃ ቋት እብጠት ነበሩ። ቶክሶካራ ከእነዚህ ይቅደም አልልም፤ እንደ እብድ ውሻ በሽታ ሰው አይጨርስም። ነገር ግን ከአምስቱ ሁለቱ በአብዛኛው የሚመጡብን ከዚያው ከውሻው ነው። ለክትባት የመጣ ውሻ እጅ ላይ ነው ያለው፤ በዚያው ቀን ለእሱና ለቡችሎቹ የትል መድኃኒት ቢሰጥ ሌላ ዘመቻ፣ ሌላ መኪና፣ ሌላ አበል አያስፈልግም።

እኔ በበኩሌ ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ፣ የዓይን ችግር ያለበት ሕፃን የሰገራ ውጤት ሲወጣ ከሥሩ «ይህ ምርመራ የውሻና የድመት ወስፋትን አያሳይም» የሚል መስመር በእጄ መጻፍ ጀምሬያለሁ። መስመሯ በታተመው ቅጽ ላይ ብትሰፍር እጄ ያርፍ ነበር።

የእህቴ ውሻ እንደገና አርግዛለች። የቡችሎቹ ሽሮፕ ከወዲሁ ተገዝቶ መደርደሪያው ላይ ነው፤ የሚወለዱበትን ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ አስፍራ አሥራ አራተኛውን ቀን የምትከብበው የእህቴ ልጅ ናት።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለግብርና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት