የልብ ትል መከላከያ በብርዱ ወራትም አይቋረጥ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በሂውስተንና በአካባቢዋ ውሻ የምናሳድግ ኢትዮጵያውያን እየበዛን መጥተናል። በየወሩ የሚሰጠውን የልብ ትል መከላከያ ክኒን ጥቅምት ላይ አቁሞ መጋቢት ላይ የመቀጠል ልማድ ግን በብዙ ቤት ስለማይ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሳሁ። የሚሰጠው ምክንያት «በብርድ ቢምቢ የለም» የሚል ነው። በዚህ ከተማ በገና ሰሞን እንኳ በረንዳ ላይ ቢምቢ የነከሰው ሰው ይህን ማለቱ ይገርመኛል።

በሽታው የሚተላለፈው በቢምቢ ነው። የታመመ ውሻ ደም የመጠጠች ቢምቢ የትሉን እጭ ትወስዳለች፤ እጩም በሞቃት አየር በሁለት ሳምንት ገደማ በውስጧ አድጎ፣ ሌላ ውሻ ወይም ድመት ስትነክስ በቆዳው በኩል ይገባል። ስድስት ወር ያህል በሰውነት ውስጥ ተጉዞም በልብና ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄዱት የደም ሥሮች ውስጥ ይሰፍራል። ሴቷ ትል እንደ ፈትል ቀጥና እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ በውሻ ውስጥም ከ5 እስከ 7 ዓመት ትኖራለች።

ክኒኑ የሚገድለው ወደፊት የሚመጣውን ሳይሆን ባለፈው አንድ ወር የገባውን እጭ ነው። በጥቅምት መጨረሻ የተነከሰ ውሻ የኅዳሩን ክኒን ካልወሰደ እጩ እያደገ ይሄዳል፤ የመጋቢቱ ክኒንም አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይገድለውም። ያኔ የሚቀረው ከአርሴኒክ የሚሠራ መድኃኒት በጀርባ ጡንቻ መወጋት ነው፤ የሞቱት ትሎች የሳንባን የደም ሥር እንዳይዘጉ ሲባልም ውሻው ለወራት እንዳይሮጥ ይታሰራል። ለድመት ደግሞ ያደገውን ትል ለመግደል የተፈቀደ መድኃኒት የለም።

ወጪ ለመቀነስ ከእርሻ ዕቃ መደብር የከብት አይቨርሜክቲን (በብዙ የልብ ትል ክኒኖች ውስጥም ያለውን ትል ገዳይ መድኃኒት) ገዝተው በግምት የሚሰጡም አሉ። አይቨርሜክቲን በካፋ ለኦንኮሰርኪያሲስ (ዓይን ለሚያሳውረው የትል በሽታ) ሲታደል ስለምናውቀው እንደ ቤተ ዘመድ እናምነው ይሆናል። ነገር ግን 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ለልብ ትል መከላከያ የሚያስፈልገው፣ ለከብት ከተዘጋጀው ባለ 1 በመቶ መርፌ የአንድ ጠብታ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ይህን በዓይን መለካት አይቻልም፤ ኮሊ የተባለው የውሻ ዝርያና መሰሎቹ ደግሞ መጠኑ ሲበዛ አንጎላቸው በቀላሉ ይመረዛል።

ወራት ያለፉበት ሰው ክኒኑን ከመቀጠሉ በፊት ውሻውን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰድ። ጥቂት ጠብታ ደም ተወስዶ ውጤቱ በዐሥር ደቂቃ ገደማ ይታወቃል። ምርመራው የሚያገኘው ያደገችውን ሴት ትል ስለሆነ ከስድስት ወር በኋላ መደገም አለበት፤ በመጀመሪያው ቀን «ነፃ ነው» መባሉ በክፍተቱ ወራት ስለገባው እጭ የሚናገረው ነገር የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሂውስተን፣ ቴክሳስ