የተደፈረች እህት ወደ እኛ ስትመጣ፦ ለማኅበራችን በጎ ፈቃደኞች

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

ጥቃት የደረሰባት ሴት ደፍራ ለአንዳችን ስትናገር የምንሰጣት የመጀመሪያ ምላሽ ከምናስበው በላይ ይመዝናል። «ለምን አመሸሽ?»፣ «ለምን አልጮኽሽም?» የሚሉ ጥያቄዎች፣ በክፋት ባይጠየቁም እንኳ፣ ጥፋቱን ወደ እርሷ ያዞራሉና ከአንደበታችን አይውጡ። «አምንሻለሁ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት ይበቃል፤ የሆነውን ደጋግማ እንድትተርክ አናስገድዳት።

ቀጥሎ የሚያሳስበው ጊዜ ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት፣ የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም በቶሎ ሲወሰድ ይበልጥ ስለሚሠራ፣ «ነገ ይደርሳል» አይባልም። ማስረጃው እንዳይጠፋ፣ ከተቻለ ሳትታጠብ፣ የለበሰችውንም ልብስ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይዛ ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ ታጥባ ከሆነም ሕክምናው አይቀርባትም። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ምክሩን፣ የፖሊስና የዐቃቤ ሕጉን ሥራ በአንድ ቦታ ስላሰባሰበ ከቢሮ ቢሮ ከመንከራተት ያድናታል።

ካረገዘች የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ጽንሱን እንድታቋርጥ ይፈቅድላታል፤ አንቀጽ 552 ደግሞ እርግዝናው በመደፈር የመጣ መሆኑን ለማስረዳት የራሷ ቃል በቂ እንደሆነ ይደነግጋል። ውሳኔው ግን የእርሷ ብቻ ነው።

አስገድዶ መድፈር በካሳና በእርቅ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለምና፣ ቤተሰብ ሽማግሌ ቢሰበስብ እንኳ ከእኛ መካከል ማንም በዚያ እንዳይቀመጥ በጥብቅ አሳስባለሁ። የሰማነውንም ያለ ፈቃዷ፣ ለትዳር አጋራችን ጭምር፣ አንናገር።